ኖራው በሐምሌ ከመጣ አትበትኑት

የአባቴ ማሳ ገብስ አላበቅል ሲል ጎረቤቱ ሁሉ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዛፍ ተክለን ከሰል እንድናከስል መከረን። በአዊ ደጋ ብዙ ገበሬ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ አልፈርድበትም። እኔ ግን አሲዳማ የሆነውን መሬት በኖራ ማከም መረጥኩ፤ ተሳክቶልኛልም። ያንገበገበኝ በመካከል የገጠመኝ ነገር ነው።

የአፈር ናሙና መውሰድ አያስቸግርም፤ ከማሳው ልዩ ልዩ ቦታ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍሮ፣ ቀላቅሎና በጥላ አድርቆ መላክ ነው። የእኛ ፒኤች፣ ማለትም የአፈሩ አሲድነት መለኪያ፣ 4.8 ሆኖ መጣ። ፒኤች በአንድ ቁጥር ሲወርድ አሲዱ አሥር እጥፍ ስለሚጨምር ከ5.8 ጋር ያለው ልዩነት ቀላል አይምሰላችሁ። ከ5.5 ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ታስሮ የኖረው አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይመርዛል፤ ፎስፈረሱንም ጠፍሮ ይይዛል። አባቴ ዓመት በዓመት የጨመረው ማዳበሪያ ለገብሱ ያልደረሰው ለዚህ ነበር።

ኖራው በመጋቢት ይገባል ተባልን። መጋቢት አለፈ፤ ሚያዝያም አለፈ። ግብርና ጽሕፈት ቤት በሄድኩ ቁጥር "መኪና እየተፈለገ ነው" ይሉኛል። ገብሱ ተዘርቶ ከበቀለ በኋላ፣ በሐምሌ ጭቃ፣ ከረጢቱ ዝናብ እየጠጣ መንገድ ዳር ተራገፈ። ባለሙያው ሳያፍር "በቡቃያው ላይ በትኑት፤ ያው ኖራ ነው" አለን።

ያው አይደለም! ኖራ እንደ ጨው በውሃ አይሟሟም። የካልሲየም ካርቦኔቱ ቅንጣት እርጥብ አፈር ውስጥ ከአሲዱ ጋር ተነካክቶ ቀስ በቀስ ነው የሚሠራው፤ አሲዱ ወደ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል፣ አሉሚኒየሙም በማይሟሟ መልክ ይቀመጣል። ለዚህ በማረሻ ከአፈሩ ጋር ተቀላቅሎ ከዘር በፊት ቢያንስ አንድ ወር ማግኘት አለበት። ላይ ላዩን የተበተነ ኖራ ሥሩ ዘንድ አይደርስም፤ ዩሪያ ካገኘ ደግሞ ናይትሮጂኑን አሞኒያ አድርጎ ያተንነዋል። እምቢ አልኩ።

ከረጢቱን ፈትቼ በወንፊት ስነፋው ምስር የሚያክል ጠጠር ቀረ። ዱቄቱን በአንድ ሲኒ፣ ጠጠሩን በሌላ አድርጌ ኮምጣጤ አፈሰስኩባቸው። ዱቄቱ ወዲያው ተንተክትኮ በአረፋ ሞላ። ጠጠሩ ዙሪያውን ጥቂት አረፋ እያወጣ መሐሉ እንዳለ ቆየ። በማሳም ውስጥ እንዲሁ ዓመታት ይቀመጣል። ገበሬው ግን የሚከፍለው ለጠጠሩም ጭምር ነው፤ ይህን ለባለሙያው ባሳየው ትከሻውን ነቀነቀ።

ዱቄቱን ቤት አስገብቼ ለቀጣዩ ዓመት አቆየሁት። በመጋቢት በትነን በደንብ አረስነው፤ በሰኔ ዘራን። ያ ቢጫ ቡቃያ ቀርቶ ገብሱ አረንጓዴ ሆኖ ሲወጣ አባቴ ከማሳው አልለይ አለ።

ኖራው ካነሰ ለሁሉም ጥማድ አዳርሱ የሚለውን ምክር አትስሙ፤ ግማሹን መሬት በላቦራቶሪው መጠን ሙሉ በሙሉ አክሙት፣ በቀረው ላይ አሲድ የሚችለውን ግብጦ ዝሩ። ለግድግዳ የሚሆነውን የተቃጠለ ኖራ በእጃችሁ እንዳትበትኑ፤ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ዩሪያም አፈሩን መልሶ አሲዳማ ስለሚያደርገው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ናሙናውን ድገሙት፤ የኖራ ጥያቄያችሁንም ገና በኅዳር በጽሑፍ አስገቡና ቅጂውን ያዙ።