ሌላው እንደ በፊቱ ነው

የስህተት ሪፖርቱን ስጀምረው «ታካሚዋ የአወሳሰድ መመሪያውን ባለመከተላቸው» ብዬ ነበር። የክፍላችን ኃላፊ ወረቀቱን አነበበችና «መመሪያውን» የሚለውን ቃል በቀይ እስክሪብቶ ከብባ መለሰችልኝ። ከጎኑ የጻፈችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «የትኛውን?»

በካንሰር ሕክምና ክፍል ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ አራተኛ ዓመቴ ነበር። ከውጭ ለሚያየው እኛ ዘንድ ያለው ሥራ ቀላል ይመስላል። በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት በነርስ ዓይን ሥር ነው የሚገባው፤ መጠኑም ፍጥነቱም ሰዓቱም በባለሙያ እጅ ነው። የሚዋጠው ግን በካርቶን ሆኖ ታካሚው ቤት ይገባል። በሩ ከተዘጋ በኋላ ነርሱም ፋርማሲስቱም ታካሚው ራሱ ነው። እኛ ያለን ዕድል መስኮቱ ላይ የምናሳልፋት አሥር ደቂቃ ናት፤ ሰልፉ ሲረዝም ደግሞ ሦስት ትሆናለች።

ሴትዮዋ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ «መምህር» እያልን ነው የምንጠራቸው። ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር ከተገኘባቸው ጀምሮ ለስድስት ዓመት ኢማቲኒብ 400 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ ሲወስዱ ቆይተዋል። መድኃኒቱ ያገኘውን ሴል ሁሉ የሚደበድብ ሳይሆን፣ ካንሰሩን የሚያንቀሳቅሰውን የተዛባ ፕሮቲን ለይቶ የሚያግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ከተፈቀደ ወዲህ ይህ በሽታ ለብዙዎች በየዕለቱ ክኒን እየዋጡ ለዓመታት አብረውት የሚኖሩት ሕመም ሆኗል። ሆድን የመቆጥቆጥ ጠባይ ስላለው ከምግብ ጋር፣ በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውኃ ነው የሚወሰደው።

መምህር ይህችን ሕግ እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ነበር የያዟት። አንድ ደብተር አላቸው፤ በማስመሪያ የተሰመሩ አራት ዓምዶች አሉት፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የበሉት፣ የተሰማቸው። በየቀጠሮው ደብተሩን መስኮቱ ላይ ዘርግተው ያስፈትሹናል። የእነዚህ መድኃኒቶች ስም «ኒብ» እያለ ስለሚያልቅ ኢማቲኒብን «ንቤ» ይሉታል። «ንቤ ዛሬ እግሬን ነከሰኝ» ካሉ ባታቸውን ቁርጥማት ይዟቸዋል ማለት ነው።

ያንን ደብተር እንወደው ነበር፤ ምክንያትም ነበረን። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት ኢማቲኒብ ለዓመታት የወሰዱ 87 ታካሚዎችን ተከታትሎ፣ ከታዘዘላቸው ከ90 በመቶ በላይ የወሰዱትና ከዚያ በታች የሆኑት ውጤታቸው እጅግ የተራራቀ መሆኑን አሳይቷል። በወር ሲሰላ ሦስት ቀን መዝለል ማለት ነው፤ ሰው ሳይታወቀው የሚያልፋት ሦስት ቀን። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ ሁልጊዜ «ስንት ቀን አመለጠዎት?» የሚል ነበር። ፍሬ እንቆጥራለን፤ ቁጥሩ ከገጠመ እንደሰታለን። እንዴት እንደወሰዱት ግን የሚጠይቅ ቦታ በቅጻችን ላይ አልነበረም። ይህን ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

በስድስተኛው ዓመት የመምህር የደም ምርመራ መጥፎ ዜና ይዞ መጣ። ካንሰሩ ኢማቲኒብን መልመድ ጀምሯል። ሐኪማቸው ወደ ኒሎቲኒብ ለወጣቸው፤ 400 ሚሊግራም፣ ማለትም 200 ሚሊግራም የሆኑ ሁለት እንክብሎች፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ከመጀመራቸው በፊት መደረግ ያለበት ሁሉ ተደርጓል። ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበውን ምርመራ፣ ተነሥተዋል፤ የፖታሲየምና የማግኒዥየም መጠናቸው ታይቷል፤ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት እንደሌለ ተረጋግጧል። ቤት የቀረውን ኢማቲኒብ ሳይቀር፣ ሁለቱን አብረው እንዳይወስዱ፣ በከረጢት ይዘው መጥተው አስረክበውኛል። በወረቀት ደረጃ የሚነቀፍ ነገር አልነበረም።

የዚያን ዕለት የነበረው ንግግራችን ቃል በቃል ትዝ ይለኛል። ከኋላቸው ሰባት ሰው ቆሟል።

«እንግዲህ መምህር፣ ይኸኛው ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ነው። በመካከሉ 12 ሰዓት ይሁን።»

«አዲሱ ንብ ነዋ! እሺ። ሌላውስ?»

«ሌላው እንደ በፊቱ ነው። ገባዎት?»

«ገብቶኛል፣ ልጄ።»

«ሌላው» ስል ቀጠሮውን፣ የደም ምርመራውን፣ የት መደወል እንዳለባቸው ማለቴ ነበር። ኒሎቲኒብ የሚወሰደው በባዶ ሆድ መሆኑን የማውቀው ነገር ነው፤ ብጠየቅ ከእንቅልፌ ተነሥቼ እመልሰዋለሁ። ካርቶኑ ላይ የለጠፍኩት ወረቀት ግን «ጠዋት 2፣ ማታ 2» ብቻ ይል ነበር። በካርቶኑ ውስጥ ያለው ማብራሪያ ስለ ምግቡ ይናገራል፤ ሆሄው ግን ወጣት ዓይን እንኳ የሚፈትን ነው፤ ደግሞስ ፋርማሲስቱ «እንደ በፊቱ ነው» ካለ በኋላ ማን ያነበዋል?

ኒሎቲኒብ ሲጀመር በሰባተኛው ቀን ኢሲጂ መድገም የተለመደ ነው። መድኃኒቱ ልብ በእያንዳንዱ ምት መካከል ኤሌክትሪኳን መልሳ የምትሞላበትን ጊዜ፣ ኪውቲ የሚባለውን፣ ሊያስረዝም ይችላል። ከልክ ካለፈ ምቱ ተዛብቶ ሰውን በድንገት ሊጥል፣ ሊገድልም ይችላል። የመምህር የመጀመሪያ ልኬት 426 ሚሊሰከንድ ነበር። በሰባተኛው ቀን 491 ሆነ። ከ480 ካለፈ መድኃኒቱ ይቆማል፤ ሐኪሙ ወዲያው አስቆመና ደወለልኝ። «ሌላ የጨመሩት መድኃኒት አለ እንዴ? ጠይቅልኝ» አለኝ።

ወርጄ አገኘኋቸው። አልጋ ላይ ተቀምጠው፣ የኢሲጂው ገመድ ገና ደረታቸው ላይ እያለ፣ ደብተሩን ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ኪውቲን በሚያስረዝሙ ወይም ኒሎቲኒብን በደም ውስጥ በሚያከማቹ መድኃኒቶች ጀመርኩ። ለኢንፌክሽን ክላሪትሮማይሲን? የለም። ለፈንገስ የሚዋጥ? የለም። ግሬፕ ፍሩት ጭማቂ? «ከኢማቲኒብ ጊዜ ጀምሮ ከልክለኸኝ የለም እንዴ?» ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ ደብተሩን ዘረጉልኝ።

አንደኛ ቀን፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፤ ከቁርስ ጋር፤ በትልቅ ብርጭቆ ውኃ። ከምሽቱ 1 ሰዓት፤ ከራት ጋር፤ በትልቅ ብርጭቆ ውኃ። ሁለተኛ ቀን፤ እንዲሁ። ሦስተኛ ቀን፤ እንዲሁ። የጽሑፉ ውበት አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። በአምስተኛው ቀን «የተሰማኝ» በሚለው ዓምድ ሥር «ከወንበር ስነሣ ዞረብኝ፤ አዲሱ ንብ እስኪለምደኝ ይሆናል» የሚል ሰፍሯል።

ኒሎቲኒብ ከምግብ ጋር ሲገናኝ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይጨምራል። ስብ የበዛበት ምግብ ከተበላ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቢወሰድ ጭማሪው 82 በመቶ ይደርሳል። ለዚህ ነው ከመውሰድ በፊት ሁለት ሰዓት፣ ከወሰዱ በኋላ አንድ ሰዓት ምንም የማይበላው። መምህር እንክብል አላበዙም፤ አንድም አልዘለሉም፤ ሰዓት አላዛነፉም። ስድስት ዓመት ሙሉ ያስተማርናቸውን ነው በሙሉ ታማኝነት የፈጸሙት። ብዙም የማይሰማ ታካሚ ቢሆኑ ኖሮ ምናልባት ግማሹን ቀን በባዶ ሆድ ይወስዱት ነበር።

ሐቁን ለመናገር፣ መድኃኒቱ በትክክል ቢወሰድም ኪውቲን ሊያስረዝም ይችላል፤ የዚያን ቀን የፖታሲየም መጠናቸውም ትንሽ ወርዶ ነበር፤ እሱም የራሱ ድርሻ አለው። ሐኪሙ ይህን ሲያስረዳ እኔ መሸሸጊያ እንዳገኘ ሰው ደስ ብሎኝ ነበር። «ታካሚዋ ባለመከተላቸው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩትም በዚያው ሰዓት ነው። «የትኛውን?» የሚለው ቀይ ጽሑፍ የመጣው በማግስቱ ነው። መልሱን ለመጻፍ ስቀመጥ፣ እሳቸው የተከተሉት መመሪያ የእኔው መሆኑን ከመጻፍ ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

ፖታሲየሙ ተስተካከለ። መድኃኒቱ በቆመ በአሥረኛው ቀን ኪውቲው ወደ 438 ተመለሰ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ450 በታች ከወረደና ከመነሻው ልኬት በ20 ሚሊሰከንድ ውስጥ ከሆነ በነበረው መጠን መቀጠል ስለሚቻል፣ ሐኪሙ እንዲቀጥሉ ፈቀደ። እነዚያን አሥር ቀናት ግን መምህር እንዴት እንዳለፏቸው እኔ ነኝ የማውቀው። መድኃኒት ባለመውሰዳቸው ደብተሩ ባዶ ሲሆን ካንሰሩ የሚያድግ ይመስላቸው ነበር፤ በየቀኑ ይደውሉልኝ ነበር።

መድኃኒቱን እንደገና ልሰጣቸው ስንቀመጥ በዚህ ጊዜ መስኮቱ ላይ አልነበርንም፤ ወንበር ስቤላቸው ነው። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው፤ ይቅርታም ጠየቅኩ። አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ ዝም አሉና እንዲህ አሉኝ፤ «አንተ ልጅ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ተማሪን «ገባችሁ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ያልገባውም «ገብቶናል» ነው የሚለው። ጠመኔውን እሰጠውና ሰሌዳው ላይ ሥራው እለዋለሁ።»

ደብተራቸውን ገልጬ እስክሪብቶዬን ሰጠኋቸው። «እንግዲያው ይሥሩልኝ» አልኩ።

ሳቁና ሠሩት። አንድ መስመር አሰመሩ፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሁለት እንክብል፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሁለት እንክብል። ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት ምግብ የለም፤ ሌሊቱን ስለተኙ የፊተኛው ሁለት ሰዓት በራሱ ይሞላል። ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ምግብ የለም፤ ያንን ሦስት ሰዓት በእርሳስ አጠቆሩት። «ውኃስ?» አልኳቸው። «ውኃ ይፈቀዳል።» «አንዱን ሰዓት ቢረሱትስ?» «ይለፈኝ፤ የሚቀጥለውን በሰዓቱ፤ ደርቤ አልወስድም።» «ቢዞርብዎት፣ ልብዎ ቢመታብዎትስ?» እዚህ ላይ ቆም አሉ። «እደውላለሁ። አልጽፈውም፤ እደውላለሁ» አሉ። ያላስተማርኳቸውም ነገር አነሡ። ጨጓራቸው ሲያቃጥላቸው ከሚወስዱት የአሲድ ማብረጃ ጋር ይጋጭ እንደሆነ ጠየቁኝ። ይጋጫል፤ የሚታኘከው ዓይነት ከኒሎቲኒቡ ቢያንስ ሁለት ሰዓት መራቅ አለበት። ለካስ አልፎ አልፎ ይወስዱት ኖሯል፤ «መድኃኒት» ብለው ስላልቆጠሩት ነው ያልነገሩን።

ከዚያ በኋላ በክፍላችን ጥቂት ነገር ተለወጠ። መድኃኒት የተለወጠለት ሰው ካርቶን ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ስለ ምግብ ሳይናገር ከማተሚያው አይወጣም። በሦስተኛው ቀንም ስልክ እንደውላለን፤ በስልኩ የምንጠይቀው «በትክክል እየወሰዱ ነው?» ብለን ሳይሆን «ትናንት እንዴት እንደወሰዱት ከጠዋት ጀምረው ይንገሩኝ» ብለን ነው። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህ ጊዜ ይበላል ብለው አጉረምርመዋል፤ ይበላልም።

ከመምህር በኋላ በሁለተኛው ወር ይመስለኛል፣ ለጡት ካንሰር ላፓቲኒብ ለጀመረች አንዲት እናት ደወልኩ። ይኸኛው ኒብ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ አምስቱም ፍሬ በአንድነት፣ ምግብ ከመብላት ቢያንስ አንድ ሰዓት በፊት ወይም አንድ ሰዓት በኋላ ይወሰዳል። ስትወስድ መስኮቱ ላይ ያነጋገራት ሌላ ባልደረባችን ነበር፤ በካርዷ ላይ «ገብቷታል» ተብሎ ተጽፏል። ድምፅዋ ደስ የሚል፣ ረጋ ያለ ነው።

«ትናንት እንዴት እንደወሰድሽው ከጠዋት ጀምረሽ ንገሪኝ፣ እህቴ» አልኳት።

«በደንብ ነው የወሰድኩት። አንድም አልቀረኝም» አለች። «አምስት ፍሬ በአንዴ ይከብደኛል ብዬ፣ ጠዋት ሁለት፣ ቀትር ላይ አንድ፣ ማታ ሁለት እያደረግኩ አከፋፍዬ ነው።»

ላፓቲኒብ ተከፋፍሎ ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን እጥፍ ያህል ይሆናል። በነጻ እጄ ካርዷን ሳብኩና የሐኪሟን የስልክ ቁጥር መፈለግ ጀመርኩ። «ተቅማጥ አለሽ?» አልኳት።

«እንዴት አወቅህ?» አለችኝ።