መጀመሪያ መውደቅን ማስተማር

በበጎ ፈቃደኝነት የማገለግልበት የካያክ (በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ትንሽ ጀልባ) ቡድን አባላት አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስ፣ ፒያሳና ለገሀር አካባቢ የሚኖሩ ወይም የሚሠሩ ናቸው። የምንቀዝፈው ግን ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ነው። ከሚመጡት አብዛኞቹ ዋና አይችሉም። ስለዚህ የመቅዘፊያ አያያዝ ከማሳየቴ በፊት የማስተምረው መገልበጥንና ተመልሶ መውጣትን ነው። በመቅዘፍ ስጀምር የሚገጥመኝ ችግር ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ መውደቅ የሚፈራ ሰው ወገቡን ያደርቃል፣ ጠርዙን በሁለት እጁ ይጨብጣል፣ ካያኩ በተነቃነቀ ቁጥር አብሮ ይወዛወዛል። የሚገለብጠውም ይኸው ነው። አንዴ ወድቆ፣ የለበሰው የማንሳፈፊያ ጃኬት ወደ ላይ ሲያወጣው ያየ ሰው ወገቡ ይላላል፤ ያኔ መቅዘፍ ማስተማር ቀላል ነው።

ይህ ትምህርት ሐይቅ አይጠይቅም። ስታዲየም አካባቢ አንድ የሆቴል መዋኛ ገንዳ፣ ሰው በማይበዛበት ጠዋት፣ ለ2 ሰዓት እንይዛለን። የምንጠቀመው ውሃው ደረት የሚደርስበትን ጎን ብቻ ነው። ጠንካራው የፕላስቲክ ካያክ ሴራሚኩን ስለሚጭር፣ ለገንዳ የምንወስደው በአየር የሚሞላውን ነው፤ ተጣጥፎ ታክሲ ኋላ ይገባል። አየሩ ግን ክትትል ይፈልጋል። ፀሐይ ላይ የተሞላ ካያክ ውሃ ሲነካ አየሩ ይቀዘቅዝና ይለሰልሳል፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ፓምፑን መድገም ያስፈልጋል። ውሃ ላይ እንደተወጠረ አውጥቶ ፀሐይ ላይ መተው ደግሞ ስፌቱን ያስፈነዳል።

አወጣጡን በሦስት ቃል ነው የምናስይዘው፦ ሆድ፣ መቀመጫ፣ እግር። ካያኩ ከተገለበጠ መጀመሪያ የወዲያኛውን ጠርዝ ይዞ ወደ ራስ መሳብና ማቅናት። ቀጥሎ ከመቀመጫው ትይዩ ሆኖ ሁለት እጅን ካያኩ ላይ አሳርፎ እግርን ወደ ኋላ ማንሳፈፍ። ሰውነት ውሃው ላይ ሳይጋደም ወደ ላይ መሳብ አይሞከርም። በክንዱ ብቻ የሚሳብ ሰው እግሩ ከካያኩ ሥር ይገባል፤ ክብደቱም ጠርዙን ወደ ታች ስቦ ካያኩን እላዩ ላይ ይገለብጠዋል። ይህ ስህተት ከሁሉ በላይ የሚታየው ጉልበታቸውን የሚተማመኑ ወጣቶች ላይ ነው። እግር ውሃውን ይመታል፣ እጅ ካያኩን ወደ ታች ይገፋል፣ ሆድ ካያኩ ላይ ይተኛል። እዚያው ትንፋሽ መሰብሰብ ነው፤ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ከዚያ ተገላብጦ መቀመጫን ቦታው ላይ ማሳረፍ፤ እግር መጨረሻ ይገባል። 3 ጊዜ ያለ ረዳት ያልወጣ ሰው ለቅዳሜው ሐይቅ አይመዘገብም፤ ሌላ ጠዋት ገንዳ ይመለሳል።

ጃኬት ላይ አልደራደርም። 50 ኒውተን የሚል ጽሑፍ ያለው ጃኬት 5 ኪሎ ገደማ ወደ ላይ ይይዛል ማለት ነው። ባሮጌ ጃኬት ላይ ግን ጽሑፉን አላምንም፤ ውስጡ ያለው ስፖንጅ በፀሐይና በመጨፍለቅ ይሟሽሻል። በየ6 ወሩ እያንዳንዱ ላይ ባለ 5 ኪሎ የጂም ብረት አስረን ገንዳ ውስጥ እንለቀዋለን። ብረቱን ይዞ የሰመጠ እዚያው በመቀስ ይቆረጣል። መጋዘን ውስጥ ከተቀመጠ አንድ ቀን የማያውቅ ሰው ይለብሰዋልና። ልኩን የማየው ማሰሪያዎቹ በሙሉ ከተጠበቁ በኋላ ሁለቱን ትከሻዎች ይዤ ወደ ላይ በመሳብ ነው፤ ጃኬቱ ጆሮ ድረስ ከመጣ ላልቷል። ጠዋት ብርድ ስለሚሆን ብዙ ሰው በወፍራም ሹራብ ላይ ያስራል፤ ሙቀት ሲመጣ ሹራቡን ያወልቅና ጃኬቱን ሳያጠብቅ ይመልሳል። እዚህ ላይ በጎ ፈቃደኛው ዓይኑ መንቃት አለበት።

ውሃ ውስጥ ለወደቀ ሰው የሚወረወር ገመድ ልንገዛ መርካቶ ስንሄድ አንድ ባልዲ ውሃ እንለምናለን። ናይለን ይሰምጣል፣ ፖሊፕሮፒሊን ይንሳፈፋል፤ በዓይን ግን ይመሳሰላሉ፣ በአንድ ስምም ሊሸጡ ይችላሉ። አንድ ስንዝር ቆርጦ ባልዲው ውስጥ መጨመር ነው፤ ላይ ከቀረ 20 ሜትር እንገዛለን። የሚሰምጥ ገመድ የወደቀው ሰው ሳያየው ያልፋል፣ እግርም ላይ ይጠመጠማል።

የአንድ ቀን ጉዞ 8 ጀማሪና 4 በጎ ፈቃደኛ ይይዛል። ለ8ቱ 4 ባለ ሁለት ሰው ካያክ፣ ለመሪውና ለመጨረሻው ተከታይ 2 ባለ አንድ ሰው፤ እነዚህን እዚያው እንከራያለን። ሦስተኛው በጎ ፈቃደኛ ገመዱን ይዞ ዳር ይቆማል፣ አራተኛው ዕቃና ስልክ ይጠብቃል። ጃኬቱ 14 ነው፤ ሁለቱ ለትርፍ፣ አንድ ትልቅ አንድ ትንሽ። ሁሉም ከ1 እስከ 14 ቁጥር በማይለቅ ቀለም ተጽፎባቸዋል፤ ዳር ላይ በተወጠረ ገመድ በተራ ይሰቀላሉ። ገመዱ ላይ የጎደለ ቁጥር ውሃ ላይ ያለ ሰው ነው። ሰው በቃል ከመቁጠር ይህ በጣም ይሻላል፤ ሻይ ሊጠጣ ዞር ያለ ሰው ቆጠራውን አያበላሽም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ ተሰባስበን በሃይሩፍ እንነሳለን። የትራንስፖርቱን ድርሻ ሁሉም እስከ ሐሙስ በቴሌብር ይልካል፤ በነጻ ስናደርገው ቦታ ይዞ የሚቀር ሰው በዝቶ ነበር። ቅዳሜን የመረጥንበት ምክንያት አለ። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው ሳይበላ ይመጣል፤ ባዶ ሆድ፣ ፀሐይና መቅዘፍ ሲገናኙ ያዞራል። በረመዳን ደግሞ ሙስሊም አባሎቻችን ውሃ ስለማይጠጡ ተራቸውን ወደ ሌላ ወር እናዛውራለን። ይህን በሰው ፊት አልጠይቅም፤ ስመዘግብ ለየብቻ እጠይቃለሁ። በእሬቻ ሰሞን መንገዱም ከተማውም ስለሚሞላ ቢሾፍቱ አንሄድም።

ባቦጋያ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ከ60 ሜትር ይበልጣል። ዳሩ ቀስ እያለ የሚጠልቅ አይደለም፤ ጥቂት እርምጃ ሄዶ እግር መሬት ያጣል። ስለዚህ ጀማሪ ከዳር 30 ሜትር አያልፍም፣ ከዳር ዳር ነው የሚሄደው። ውሃ ላይ የምንቆየው ከ2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው፤ ከረፋድ በኋላ ንፋስ ይነሳል። ቀላል ንፋስ ካለ መጀመሪያ ንፋሱን ፊት ለፊት ይዘን እንወጣለን፤ ሲደክማቸው እሱ ይመልሳቸዋል። ንፋስ ከኋላ እየገፋ በደስታ ርቆ የሄደ ጀማሪ መመለሻው ላይ ክንዱ ያልቃል። በክረምት ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ይወጣል፤ የመጨረሻው ድምፅ ካለፈ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አንገባም።

ባለ ሁለት ሰው ካያክ ላይ ከባዱ ሰው ኋላ ይቀመጣል፤ ከፊት ከሆነ የካያኩ አፍንጫ ይጠልቅና ለመጠምዘዝ ያስቸግራል። የፊተኛው ምቱን ይሰጣል፣ የኋላኛው ይከተላል፣ አቅጣጫም ይይዛል። ባልና ሚስት ወይም የቅርብ ጓደኞችን አንድ ላይ ባላስቀምጥ እመርጣለሁ፤ ማን ይምራ የሚለው ክርክር ምቱን ያበላሻል። መቅዘፊያው እግር ጣት አጠገብ ይገባል፣ ዳሌ ጋ ይወጣል። ከዳሌ አልፎ የሚጎተት ምት ውሃ ወደ ላይ ያነሳል እንጂ ካያኩን አይገፋም፤ አፍንጫውንም ያዞረዋል። ጉልበቱ ከወገብ መዞር ይመጣል። ክንዱ ብቻ የሚሠራ ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ አንጓውን ማሸት ይጀምራል፤ ያኔ ጣቶቹን ዘና እንዲያደርግ እነግረዋለሁ።

ምልክቶቹን ጥቂት አድርገናል። አንድ ፊሽካ ወደ መሪው ተመልከቱ፣ ሦስት ፊሽካ አደጋ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ መቅዘፊያ ኑ፣ በአግድም የተያዘ ቁሙ። ከዚህ በላይ የጨመርን ጊዜ ማንም አላስታወሰም።

ሲመለሱ የሚቀየር ደረቅ ልብስ ያላመጣ ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም፤ በርጥብ ጂንስ መኪና ውስጥ መንቀጥቀጥ ስለሚጀምር 3 ጋቢ፣ ቆሎ፣ ሙዝና በፔርሙዝ ሻይ ይዘን እንሄዳለን። እሁድ ጃኬቶቹን በንጹህ ውሃ አጥበን ጥላ ላይ እንሰቅላለን፣ ፀሐይ ላይ አይደለም። ገመዱም እየተጠቀለለ አይቀመጥም፤ ከአንድ ጫፍ ጀምሮ እጅ በእጅ ወደ ከረጢቱ ይሰገሰጋል። የተጠቀለለ ገመድ ሲወረወር ይቋጠራልና።