ዝናብም ቢሆን እንወጣለን

ካምፒንግ የበጋ ነገር ነው የሚል ሰው ኅዳር ላይ ሜዳ አድሮ አያውቅም።

የማውቃቸው የአዲስ አበባ ልጆች ሁሉ የሚፈሩት ክረምቱን ነው። ሰኔ ግም ሲል ድንኳኑ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል፣ እስከ መስቀል የሚነካው የለም። ከዚያ ሰማዩ ጥርት ሲል አንዲት ስስ ብርድ ልብስ ይዘው ይወጡና ሌሊቱን ጥርሳቸው ሲንቀጫቀጭ ያነጉታል። አዲስ አበባ ውስጥ ሌሊቱ በጣም የሚቀዘቅዘው ሐምሌና ነሐሴ አይደለም፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። በክረምት ደመናው ለመሬት እንደ ጋቢ ነው፤ ቀን የገባውን ሙቀት ሌሊት ቶሎ አያስወጣውም። ሰማዩ ባዶ ሲሆን ግን ሙቀቱ ሽቅብ ይሄዳል፣ የሚይዘው የለም። ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይገኛል።

ይህን የምጽፈው ለጳጉሜን ወንጪ ልንወጣ ስለተነጋገርን ነው፤ እኔ፣ ታናሽ እህቴና ሁለት የመሥሪያ ቤት ጓደኞቻችን። ሰሞኑን ማታ ማታ፣ ስድስት ኪሎ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ደብተሬ ላይ ስጭር የከረምኩትን ነው እዚህ የማሰፍረው።

እማዬ ዕቃ ሳዘጋጅ ባየች ቁጥር ጥያቄዋ አንድ ነው። «ልጄ፣ ቤት እያለሽ ሜዳ ላይ የምታድሪው ምን ጎድሎብሽ ነው?» ትለኛለች። እሷ ራሷ ግን የጥር 10ን ሌሊት፣ የከተራን፣ ጃንሜዳ ነው የምታድረው። ታቦታቱ ድንኳን ውስጥ ያድራሉ፣ ሕዝቡም ዙሪያውን ሜዳው ላይ። ቤታችን ለጃንሜዳ ቅርብ ስለሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሬያት ሄጃለሁ፣ ስለ ውጭ አዳር የማውቀውን ዋናውን ነገር የተማርኩትም እዚያ ከነበሩት እናቶች ነው። መጀመሪያ ሰሌን ያነጥፋሉ፣ በላዩ አንድ ጋቢ አጥፈው ይደርባሉ፣ ከዚያ ነው የሚለበሰው የሚታሰበው። ብርድ የሚገባው ከታች ነው። ውድ የሆነ ስሊፒንግ ባግ ገዝቶ ባዶ መሬት ላይ የተኛ ሰው ያን ያህል ገንዘብ ያወጣው ለላይኛው ጎኑ ብቻ ነው፤ ከሥር ያለው ክፍል በሰውነት ክብደት ስለሚጨፈለቅ ሙቀት አይይዝም። እኔ ከስሊፒንግ ባግ በፊት ወፍራም ስፖንጅ ግዙ ነው የምለው።

ሜትሮሎጂ ዓመቱን በሦስት ይከፍለዋል። ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት። ትንበያቸውን እከታተላለሁ፣ በተለይ የአሥር ቀኑን። ሳቅድ ግን የምነሳው ከወቅቱ ሳይሆን ከሌሊቱ ነው። የምናድርበት ቦታ ስንት ሜትር ላይ ነው? ሰማዩ ክፍት ነው ወይስ ደመና? ንፋስ አለ? ከፍታ ሲጨምር ሙቀቱ በየ1000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ላንጋኖ 1600 ሜትር ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ ከ2300 በላይ፣ የወንጪ አፋፍ ደግሞ ከ3000 በላይ። በአንድ ቅዳሜ እነዚህ ሦስት ቦታዎች ሦስት የተለያየ ሌሊት ነው ያላቸው፣ ወቅቱ አንድ ሆኖ ሳለ። ደግሞ እኛ አገር ጨለማው በጋ ክረምት አይልም፣ ሁሌም አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ማምሸት የሚባል ነገር የለም፣ ድብን ብሎ ይጨልማል። ስለዚህ በየትኛውም ወር ቢሆን ድንኳን ተተክሎ፣ ውሃ ተቀድቶ፣ የግንባር ባትሪው ግንባር ላይ ሆኖ ነው 12 ሰዓት መድረስ ያለበት።

ወደ ክረምቱ ልመለስ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያጣው እሱን ነው።

የክረምት ዝናብ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ጠባይ አለው። ብዙውን ጊዜ ጠዋቱን ይለቅልናል፣ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፣ አንዳንዴ እስከ ሌሊት ይቀጥላል። ይህን ያወቀ ሰው ንጋት ላይ ከከተማ ይወጣል፣ ከስድስት ሰዓት በፊት ድንኳኑን ይተክላል፣ ዝናቡ ሲመጣ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቡና ይጠጣል። ቦታ መምረጥ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የማየው አፈሩን ነው። ጥቁር መረሬ ከሆነ አልተክልበትም። ሲርስ ካስማ አይዝም፣ መኪና ይውጣል፣ ጫማ ላይ ተለጥፎ እግርን ያከብዳል። ቀይ አፈር፣ ትንሽ ተዳፋት፣ ከላይ ጎርፍ የሚመጣበት ቦይ የሌለበት፤ ይኼ ከተገኘ ጥሩ ነው።

ገመዱም ነገር አለው። የቃጫ ገመድ ሲረጥብ ያጥራል፤ ማታ ወጥረው ካሰሩት ሌሊት ዝናብ ሲያገኘው እየተሰበሰበ ካስማውን ይነቅላል። ናይሎኑ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ሲረጥብ ይረዝማል፣ ድንኳኑ ይረግባል፣ የረገበው ቦታ ላይ ውሃ ይቋጠራል። ስለዚህ ናይሎን ከሆነ ከመተኛቴ በፊት ካፖርቴን ደርቤ ወጥቼ አንድ ዙር እንደገና እወጥራለሁ። እርጥብ ገመዱ በጣቶች መሃል ሲያልፍ ውሃው ተጨምቆ ክንድ ድረስ ይወርዳል፣ ሸራው ደግሞ ከበሮ ሲመታ የሚሰማውን ድምፅ እስኪሰጥ እጎትተዋለሁ። ከድንኳኑ በላይ ሌላ ሸራ መዘርጋትም ይጠቅማል፣ ልብስ የሚለወጥበትና ምግብ የሚሠራበት ደረቅ ቦታ ይሆናል። ሸራና ላስቲክ መርካቶ ሞልቷል። የዝናብ ልብስ ከሳልቫጅ ተመርጦ ይገኛል፣ ስፌቱን ወደ ብርሃን አንስቶ ማየት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ጠዋት የድንኳኑ ውስጥ ውሃ አዝሎ ሲያገኙት ሰዎች «አፈሰሰ» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ አላፈሰሰም። የተኙት ሰዎች ትንፋሽ ነው፤ ቀዝቃዛው ጨርቅ ላይ ሲደርስ ወደ ውሃ ይለወጣል። መድኃኒቱ ብርድም ቢሆን የላይኛውን መስኮት ትንሽ ከፍቶ መተኛት ነው።

ክረምቱ ምን ይሰጣል ለሚለኝ ሰው የምነግረው ስለ መናገሻ ሱባ ጫካ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወጨጫ ተራራ ላይ ያለ፣ ጽዱ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተተከለ የሚነገርለት ጫካ ነው። ሐምሌ ላይ አድረንበታል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ዛፉ ብቻውን ለረጅም ጊዜ ይዘንባል፣ ቅጠል ለቅጠል እየተቀባበለ። የዛፍ ሽበት ከቅርንጫፉ ተንጠልጥሎ ጫፉ ላይ ጠብታ ይዞ ይቆያል። ንጋት ላይ ጉሬዛዎቹ ይጮኻሉ፤ መጀመሪያ የሰማ ሰው የጦጣ ዘር ነው ብሎ አያምንም፣ ከጉሮሮ የሚወጣ ወፍራም ጉርምርምታ ነው፣ አንዱ ወገን ሲጀምር ከወዲያኛው ሸለቆ ይመለስለታል። ይህን አካባቢ በበጋ ያየሁት ጊዜ አቧራ ነበረው፣ ሰው ነበረው። በሐምሌ እኛ ብቻ ነበርን።

መስከረም ማንም የሚያውቀው ነው። አደይ አበባው ለጥቂት ሳምንት ሜዳውን ቢጫ ያደርገዋል፣ ሁሉም ይወጣል፣ መንገዱ ይጨናነቃል። ደስ ይላል፣ ብዙ የምጨምረው የለኝም። ቆላ ለመውረድ ግን ልክ ያልሆነ ጊዜ ነው። ዝናቡ ሲያባራ የሚቀረው የታቆረ ውሃ ወባ የሚራባበት ነው፣ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥም ይበረታል። አዋሽን ለጥርና ለየካቲት ነው የማስቀምጠው፤ ያኔም አጎበር አይቀርም። እዚያ ጭንቀቱ ብርድ ሳይሆን ውሃ ነው፣ ጀሪካን ሙሉ ተይዞ ነው የሚኬደው፣ የድንኳኑ በር መረቡ ብቻ ተዘግቶ ይታደራል፣ ጠዋት ሳላዎቹ ከነቀንዳቸው ቀጥ ብለው ሜዳው ላይ ቆመው ፈንታሌ ከኋላቸው ይታያል።

ኅዳርን በተመለከተ ጓሳን ሳላነሳ አላልፍም። መንዝ ውስጥ ያለ ከ3000 ሜትር በላይ የሆነ ሣራም ሜዳ ነው፣ የአገሬው ሰው ለዘመናት በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ። እዚያ ያደርንበት ሌሊት የድንኳኑ ገመድ ላይ የተሰጣው ፎጣ ጠዋት እንደ ጣውላ ደርቆ ተገኘ፤ ሳነሳው አልታጠፈም፣ ጥግ ጥጉን ስይዘው ኮሽ አለ። የኮዳ ውሃ ግን አልቀዘቀዘም፣ ምክንያቱም ማታ የፈላ ውሃ ሞልተን፣ በካልሲ ጠቅልለን እግራችን ሥር አስገብተነው ነበር። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ቀይ ቀበሮው ሣሩ ውስጥ አይጥ ሲያደባ አየነው፣ ጭላዳዎቹ ደግሞ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ፣ ስለ እኛ ግድ የላቸውም። አሁን ወደዚያም ሆነ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ የሚያስብ ሰው ከአየር ንብረቱ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ይጠይቅ፣ የአካባቢውን ሰው ደውሎ ይጠይቅ። ጥርጣሬ ካለ ይቅር። ሜዳው የትም አይሄድም።

በልግ ላይ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ መብረቅ። ሚያዝያ ላይ ሰማዩ ጠዋት ጥርት ብሎ ውሎ ከሰዓት በረዶ ሊያወርድ ይችላል። ብልጭታውን አይታችሁ ድምፁ እስኪሰማ ቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ ማለት አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድምፁ እየቀረበ ከሄደ ከገላጣ ኮረብታና ብቻውን ከቆመ ዛፍ ራቁ፣ መኪና ካለ ገብታችሁ ዝጉ። በዚህ ወር ላንጋኖ ይሻለኛል፣ ሌሊቱ ለስላሳ ነው። ድንኳን ከመትከል በፊት ግን መሬቱን በእጅ መዳበስ ነው፤ የግራር እሾህ አየር የሚሞላ ፍራሽን በአንድ ሌሊት ዋጋ ያሳጣል።

ስንቁ ላይ አያቶቻችን ጨርሰውታል። በሶ፣ ጩኮ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ። አይበላሽም፣ ቀላል ነው፣ ያጠግባል፤ ከቋንጣው በቀር በጾምም ይሆናል፣ ጩኮው በዘይት ከተሠራ። ከፍታ ላይ ምስርና ባቄላ ጥዶ መጠበቅ ጋዝ መጨረስ ነው። 3000 ሜትር ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ሲንተከተክ ቢታይም የመቀቀል አቅሙ ያነሰ ነው። እኔ ቤት ቀቅዬ ነው የምወስደው። ድርቆሹን ስልስ ላይ ጨምሮ መፈትፈት አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ይቺን ደግሞ አጥብቄ ነው የምጽፋት። ከሰል ድንኳን ውስጥ አይገባም። ፍም ሆኗል፣ ጭሱ አልቋል ተብሎም አይገባም። የሚገድለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ሰውን እንቅልፍ ላይ ነው የሚወስደው። በከተማችን ቤት ውስጥ እንኳ ከሰል አስገብተው የተኙ ሰዎች ሞተዋል። ብርድ ከሆነ ልብስ ይደረብ፣ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ ይተኛ፣ ትኩስ ውሃ በኮዳ ይያዝ። ቡታጋዙም ውጭ፣ ሸራው ሥር ነው የሚለኮሰው።

ለወንጪ የቀረን ጥቂት ነገር ነው። እህቴ ዛሬ ከመርካቶ ገመድና ወፍራም ላስቲክ ይዛ ትመጣለች፣ ድርቆሹን እማዬ እያደረቀችልን ነው፣ ስትጠይቅም ስታደርቅም። በወሊሶ በኩል ነው የምንወጣው፤ የበቾ ሜዳ በዚህ ሰሞን ጤፉ በቅሎ አረንጓዴ ነው፣ ቆመን ማየት እፈልጋለሁ። ከአፋፉ ወደ ሐይቁ በእግር እንወርዳለን፣ በእንሰቱ መሃል፣ ከቻልን በጀልባ ወደ ቂርቆስ ደሴት። የውሃ ፕላስቲኩን ሁሉ መልሰን ይዘን እንመጣለን፣ እዚያ የሚቀበር ነገር የለም።

ቀኑን ጳጉሜን 3 ያደረግነው ሆን ብለን ነው። ሩፋኤል ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ የሩፋኤልን ዝናብ ጠበል ነው ብለን ግቢ ወጥተን የተጠመቅን ሰዎች፣ ያን ቀን ዝናብ መጣ ብለን ድንኳን ውስጥ አንደበቅም። ከዘነበ ሁላችንም እንወጣለን። ደረቅ ልብስ ለየብቻ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይያዝ ብያቸዋለሁ፣ ካልሲ ሁለት ሁለት።