አደይ አበባን አዳማ ጓሮ ውስጥ ማብቀል

አደይ አበባ ደጋና ወይና ደጋ ይወዳል። አዳማ ደግሞ ከባህር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ሞቃትና ነፋሻ ከተማ ናት። ቢሆንም ጓሮዬ ውስጥ ፈክቶልኛል።

ዘሩን የላከችልኝ ደብረ ብርሃን ያለችው አክስቴ ናት። አደይ የሱፍ ዘመድ ነው፤ አንድ አበባ የምንለው የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። ቢጫዎቹ ከዳር ሲረግፉ መሃሉ ይደርቃል፤ በጣት ሲፈተግ ጥቁር ቀጫጭን ዘር ይወጣል። ጥቅምት ገፋ ሲል መልቀም ነው። እርጥብ ከሆነ ይሻግታል፤ ስለዚህ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ይቀመጥ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ዝናቡ መጣል ሲጀምር፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ መርጬ አፈሩን ጫር ጫር አደረግሁና በተንኩት። ከላይ ስስ አፈር ብቻ። ፍግ አላስጠጋሁትም። የመሬቱ ለምነት ሲበዛ ቅጠሉ ይንዠረገግና ግንዱ ይለሰልሳል። የነፋስ ተርባይን በተተከለባት ከተማ ደግሞ እንዲህ ያለ ግንድ አይቆምም።

ዋናው ፈተና አረም ነው። የሰይጣን መርፌ፣ ያ ልብስ ላይ የሚሰካው፣ የአደይ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ በቡቃያነቱ ይመሳሰላሉ። የሰይጣን መርፌ ቅጠል ሰፋ ሰፋ ያለ ነው፤ የአደይ ግን ቀጭን ቀጭን ሆኖ ይሰነጣጠቃል። ይህ እስኪለይ ድረስ ማንንም አላስነካሁም። ጎረቤቴ እትዬ «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ አረም ምነው ዝም አልሽው?» ሲሉኝ «ትንሽ ይታገሱኝ፣ መስከረም ላይ ያዩታል» አልኳቸው። ቅጠሉ ሲለይ አረሙን ነቃቅዬ፣ አደዩን በየስንዝሩ አሳሳሁት።

አዳማ ላይ ዝናቡ ቶሎ ሊያቋርጥ ይችላል። እንቡጡ ብቅ ብሎ አፈሩ ከደረቀ ማታ ማታ ውሃ ማጠጣት ያስፈልጋል። ለእንቁጣጣሽ ሲፈካ እትዬን ጠርቼ አሳየኋቸው። ከልባቸው እልል አሉ።

አደይ ዘሩን አፍስሶ ይሞታል፤ ከሥሩ ዳግም አያቆጠቁጥም። ለመስቀል የሚቀጠፈው ይቀጠፍ፤ ግማሹ ግን እዚያው ይድረቅ። እኔ ያን ቦታ በበጋው አላስቆፈርኩትም። በቀጣዩ ክረምት ማንም ሳይዘራው ራሱ በቀለ፤ የኔ ሥራ ማሳሳት ብቻ ሆነ። የተነቀለውንም እትዬ ወስደው አጥራቸው ሥር ተከሉት።