ዋጋው ብቻ የተሰጠበት ጥያቄ

በሐዋሳ ከተማ በአንድ ኮሌጅ የማይክሮ ኢኮኖሚክስ መግቢያ በማስተምርበት ጊዜ፣ ተማሪዎቻችን ከየኮርሱ ምን እንደ ጨበጡ በማስረጃ የሚያሳይ ሪፖርት እንድናቀርብ ተጠየቅን። እስከዚያ ድረስ የምናቀርበው የውጤት ስርጭት ነበር። ይህን ያህል ተማሪ ኤ፣ ይህን ያህሉ ቢ አገኘ ማለት ግን ስለ ፍላጎትና አቅርቦት ምኑ እንደ ገባቸውና ምኑ እንዳልገባቸው አይናገርም። ስለዚህ የፋይናል ፈተናዬን ጥያቄ በጥያቄ ለመመርመር ተነሣሁ።

አሠራሩ የታወቀ ነው። የተፈታኞቹን ወረቀት በጠቅላላ ውጤት ከደረደሩ በኋላ ከላይ 27 በመቶውን፣ ከታችም 27 በመቶውን ወስዶ፣ እያንዳንዱን ጥያቄ ከሁለቱ ወገን ስንት ስንት ተማሪ በትክክል እንደ መለሰው ማነጻጸር ነው። ጥያቄው ደኅና ከሆነ ከላይኞቹ የሚመልሱት ይበልጣሉ። ከ56 ተማሪዎቼ ከላይ 15፣ ከታች 15 ወሰድሁ። አንዱን ጥያቄ ከላይኞቹ 5 ብቻ፣ ከታችኞቹ 9 መልሰውት ተገኘ፤ ልዩነቱ ለ15 ሲካፈል ከዜሮ በታች 0.27 ይሆናል። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ደግሜ ብቆጥርም ያው ነው።

ጥያቄው፣ በዓቢይ ጾም በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የቆሮሶ ዋጋ ቢጨምር ምክንያቱ ምንድን ነው የሚል ነበር። መልስ ብዬ የያዝሁት የፍላጎት ኩርባ ወደ ቀኝ መዛወሩን፣ ማለትም በየትኛውም ዋጋ የሚፈለገው ዓሣ መብዛቱን ነው፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ በእነዚያ 55 ቀናት ሥጋ የተወ ብዙ ሰው ወደ ዓሣ ያዘነብላልና። ከላይኞቹ አብዛኞቹ የመረጡት ግን የአቅርቦት ኩርባ ወደ ግራ መዛወሩን፣ ማለትም በየትኛውም ዋጋ ለገበያ የሚቀርበው ዓሣ ማነሱን ነበር።

ከእነርሱ አንዷን ቢሮዬ ጠርቼ ለምን ይህን እንደ መረጠች ጠየቅኋት። አባቷ ዓሣ አስጋሪ ናቸው። «መምህር፣ ነፋስ ሲበረታ ጀልባ አይወጣም፤ ያኔም ቆሮሶ ይወደዳል። የሰጡን ዋጋውን ብቻ ነው፤ የተሸጠው መጠን ሳይነገረን ፈላጊ በዝቶ ይሁን ዓሣ ጠፍቶ በምን እንለየዋለን?» አለችኝ። «ልክ ነሽ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም።

ፍላጎት ቢጨምርም፣ አቅርቦት ቢቀንስም ዋጋ ይጨምራል። ሁለቱን የሚለያቸው መጠኑ ነው፤ በመጀመሪያው የሚሸጠው ይበዛል፣ በሁለተኛው ያንሳል። ስለዚህ በዋጋ ብቻ ምክንያትን መለየት አይቻልም፤ እኔም የጠየቅሁት በኢኮኖሚክስ የማይመለስ ጥያቄ ነበር። ከታችኞቹ የመለሱት ደግሞ ኩርባው ስለ ገባቸው አልነበረም፤ የጾሙ ምሳሌ በሃንድአውቴ ላይ ቃል በቃል ተጽፎ ስለ ነበረ እንጂ። ማስታወስን እየለካሁ ማሰብን እቀጣ እንደ ነበር ሳስተውል በጣም አዘንሁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የሚወስደው የመውጫ ፈተና በምርጫ ጥያቄ የሚሰጥ በመሆኑ፣ እኛም በየኮርሱ ያንኑ መልክ መከተላችን አይቀርም፤ መልኩን መከተል ግን ጥያቄውን ሳይመረምሩ ማቅረብን አይፈቅድም።

ውጤቱ ሬጅስትራር ከመድረሱ በፊት ጥያቄው ከሁሉም ተማሪዎች እንዲሰረዝ ለትምህርት ክፍሉ አመለከትሁ፤ ተፈቀደልኝም። በቀጣዩ ሴሚስተር የሁለት ሳምንት ዋጋና የተሸጠ ኪሎ በሠንጠረዥ ሰጥቼ፣ ተማሪዎቹ ኩርባውን እንዲስሉና የትኛው እንደ ተዛወረ በአምስት መስመር እንዲያስረዱ ጠየቅሁ። እርማቱ ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። ብዙዎቹ የፍላጎት ኩርባውን በትክክል ካዛወሩ በኋላ፣ ዋጋው ስለ ጨመረ ነጋዴው ብዙ ያቀርባል በማለት የአቅርቦት ኩርባውንም አብረው ወደ ቀኝ አዛውረውት አገኘሁ፤ ዋጋ ሲለወጥ በዚያው ኩርባ ላይ መጓዝንና በሌላ ምክንያት የሚመጣውን የኩርባውን መዛወር አልለዩም ማለት ነው። በምርጫ ጥያቄ በፈተንሁባቸው ዓመታት ይህ ስሕተት አንድም ቀን ታይቶኝ አያውቅም። ለትምህርት ክፍሉ ባቀረብሁት ሪፖርት ላይ ከአማካይ ውጤቱ አስቀድሜ የጻፍሁት ይህንኑ ነው፤ የሚቀጥለውን ኮርስ የመጀመሪያ ሁለት ሳምንትም ለእርሱ መደብሁ።