ከቅጥር ሥር መትከል፦ የሁለተኛው ዓመት ማስታወሻ

ባለፈው ዓመት፣ በኦክስፎርድ በተከራየሁት ቤት ጓሮ፣ ፊቱን ወደ ደቡብ በመለሰ የጡብ አጥር ሥር የተከልኳት፣ አጥር ላይ እየተንጠላጠለች የምታድግ ጽጌረዳ፣ ዝናብ ባልተቋረጠበት ወቅት ደርቃ መቅረቷን ነግሬአችሁ ነበር። ምክንያቱን የተረዳሁት ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጆች አንዱ በሆነው በኒው ኮሌጅ የአትክልት ስፍራ ነው።

የዊንቸስተር ጳጳስ ዊልያም ኦቭ ዋይክሃም እ.ኤ.አ. በ1379 ኮሌጁን ሲመሠርቱ፣ በግቢው ዳርቻ የሚያልፈውን የ13ኛው ክፍለ ዘመን የከተማ ቅጥር ኮሌጁ እየጠገነ እንዲያቆየው ግዴታ ገብተው ነበር፤ ዛሬም የከተማዋ ከንቲባና የምክር ቤቱ አባላት ቃሉ መጠበቁን ለማየት በየሦስት ዓመቱ ቅጥሩን ተከትለው ይዘዋወራሉ። አብዛኛው የኦክስፎርድ ቅጥር ፈርሶ ይህ ክፍል ጸንቶ መቆሙ የዚህ ውል ፍሬ ይመስለኛል። ብዙ ጎብኚ የሚያመራው እ.ኤ.አ. በ1594 መከመር ወደ ጀመረውና በ1649 ደረጃ ወደ ተሠራለት ጉብታ ነው፤ እኔ ግን ከቅጥሩ ሥር ካለው ረጅም የአበባ መደብ መራቅ አልቻልኩም።

አንድ ቀን ከዝናብ በኋላ ጎንበስ ብዬ ስመለከት፣ አንድ እርምጃ ወጣ ያለው አፈር ጠቁሮ ሲርስ፣ ከድንጋዩ ጋር የተጠጋው ግን እንደ ዱቄት ደርቆ ነበር። ቅጥር ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ይሰጣል፣ ነፋስም ይከላከላል፤ ነገር ግን ዝናቡንም ያግዳል፣ የአፈሩንም እርጥበት ይመጥጣል። የእኔ ጽጌረዳ ከአጥሩ የራቀችው አንድ ስንዝር ብቻ ነበር።

በኅዳር ወር አዲስ ችግኝ ከአጥሩ 45 ሴንቲ ሜትር አርቄ፣ ሥሩን ወደ ውጭ ዘርግቼ፣ ግንዱን ወደ አጥሩ አዘንብዬ ተከልኩ፤ ጉድጓዱንም በበሰለ ኮምፖስት ሞላሁ። አፈሩን የሸፈንኩበትን ጉዝጓዝ መጀመሪያ ከግንዱ ጋር አስጠግቼው ስለነበር፣ እንዳያበሰብሰው በማግስቱ ዙሪያውን ገለጥኩለት። ቅርንጫፎቹን ቀጥ ብለው እንዲወጡ ከመተው ይልቅ በሽቦ ላይ አግድም አሰርኳቸው፤ ቅርንጫፍ ሲጋደም ከየአንጓው አበባ የሚይዝ ቀንበጥ ያወጣልና።

በሰኔ መጨረሻ ዐሥራ አንድ አበባ ቆጠርኩ። የታችኛው ክፍል ገና እርቃኑን ነው፤ በሚመጣው የካቲት ሁለቱን ዝቅተኛ ቅርንጫፎች ይበልጥ አጋድሜ አስራቸዋለሁ፣ በአጥሩ ጥግ ደግሞ በለስ እተክላለሁ።