ለሲልክ ስክሪን ትራንስፓረንሲ ሳትም የማያቸው ነገሮች

ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር ላይ የቲሸርት ትእዛዝ ይበዛል። በሲልክ ስክሪን (ቀለምን በተወጠረ ወንፊት አሳልፎ በማተም) ለሚሠራ ሰው ሁሉም ነገር የሚወሰነው ትራንስፓረንሲው፣ ማለትም ዲዛይኑ በጥቁር የሚታተምበት ግልጽ ፕላስቲክ ላይ ነው፤ እዚያ የሳሳ ጥቁር ወንፊቱ የተወጠረበት ፍሬም ላይ አይስተካከልም። ጥቁሩ ሲሳሳ ብዙ ሰው ወደ ቶነር (የሌዘር ፕሪንተር የዱቄት ቀለም) ይሮጣል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ፕላስቲኩን ነው።

ሌዘር ፕሪንተር ቶነሩን የሚያጣብቀው ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ነው። ስለዚህ እሽጉ ላይ ለሌዘር መሆኑ ያልተጻፈበትን አላስገባም። በተለይ የጥራዝ ሽፋን ፕላስቲክ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ፊውዘሩ (ቶነሩን በሙቀት የሚያጣብቀው ክፍል) ላይ ቀልጦ ይጠመጠማል። የኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም የሚረጭ ፕሪንተር) ፕላስቲክ ደግሞ የተቀባው በአንድ ወገን ብቻ ነው። በሌላው ወገን ከታተመ ቀለሙ ነጠብጣብ ሠርቶ ይቀራል እንጂ አይደርቅም። ጣቴን ጥቂት አርጥቤ ጥጉን እነካለሁ፤ የሚያጣብቀው የተቀባው ነው።

ከዚያ ፕሪንተሩ ሴቲንግ ላይ የወረቀቱን ዓይነት ትራንስፓረንሲ አደርጋለሁ፣ ቶነር ቁጠባውን አጠፋለሁ። በተራ ወረቀት ምርጫ የታተመ ቶነር በጥፍር ሲነካ ሊላጥ ይችላል። ዲዛይኑን ሳላዞር፣ እንደሚነበበው አትምና የታተመውን ፊት ከፍሬሙ የቲሸርት ወገን ላይ አስተኛዋለሁ፤ ቶነሩ ኢሙልሽኑን (ወንፊቱ ላይ የሚቀባውንና ብርሃን የሚያጠነክረውን) በቀጥታ መንካት አለበት። በመካከል የፕላስቲኩ ውፍረት ከገባ ብርሃን በጎን ይሾልክና የፋሲል ግንብ ቀጫጭን መስመሮችና የፊደል እግሮች ይደፈናሉ።

የወጣውን ወደ መስኮት አንሥቼ አያለሁ። ጥቁሩ ውስጥ መርፌ የወጋው የሚመስል ብርሃን ካለ፣ ሁለት ቅጂ አስተካክዬ እደርባለሁ። ከዚህ የተሻለው የቲነር ጭስ ነው፦ ቲነር የነካ ጨርቅ ክዳን ባለው ሣጥን ሥር አስቀምጦ የታተመውን ፕላስቲክ ከላይ ሳያስነኩ ለጥቂት ደቂቃ ማንጠልጠል። ቶነሩ ለስልሶ ይያያዛል፣ ጥቁሩም ይሞላል። ይህ ከእሳት ርቆ፣ ደጅ ላይ የሚሠራ ነው። ጠብታ ከነካው ግን መስመሩ ይፈሳል።

ነጠብጣቡ በእኩል ርቀት ሲደጋገም በማስመሪያ እለካዋለሁ። ርቀቱ ከድራሙ (ካርትሬጁ ውስጥ ካለው ምስሉን ከሚይዘው ሲሊንደር) ዙሪያ ጋር ከገጠመ (24 ሚሊሜትር ዲያሜትር ላለው ድራም ወደ 75 ሚሊሜትር ነው) ጥፋቱ የድራሙ ነው፤ ያን ጊዜ ካርትሬጅ መቀየር ተገቢ ነው።

ለሁለት ቀለም ሥራ ሌላ ጣጣ አለ። ፕላስቲኩ በሙቀቱ ጥቂት ስለሚኮማተር ቀለሞቹ አይገጥሙም። ባዶውን አንድ ጊዜ በፕሪንተሩ አሳልፌ፣ ሲቀዘቅዝ በዚያው አቅጣጫ አትምበታለሁ።

የጥር አየር ደረቅ ነውና ፕላስቲኮቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። አንድ በአንድ በእጅ ማስገቢያው አሳልፋለሁ፤ የኋላ በር ካለውም እከፍተዋለሁ፣ ሳይታጠፍ ይወጣል። መብራት መሐል ላይ ከጠፋ ወዲያውኑ ከፍቶ ፕላስቲኩን ማውጣት ያስፈልጋል፤ ፊውዘሩ ገና ትኩስ ነው። ለኮምፒውተር የተገዛ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪ) ሌዘር ፕሪንተርን ስለማይሸከም በእሱ መተማመን አይቻልም።